ሳይርቅ በቅርቡ

መስከረም ሲጠባ ኮላ ድባ ላይ ማልዶ የወጣ ሰው ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው የቅርብ ነው፤ በደምቢያ ሜዳ ዋልካውን ለሽምብራ የሚያርስ ገበሬ በሬውን በስሙ እየጠራ ሲገሥጽ። ሁለተኛው የሩቅ ነው፤ ከጣና በኩል መጥቶ ወደ አዘዞ፣ ወደ ጎንደሩ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን። ሁለቱንም ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ደጋግሜ ሳያቸው ገበሬውና አብራሪው የሚመሳሰሉበት ነገር እየታየኝ መጣ። የሁለቱም ሙያ የሚታወቀው እጃቸው ሲንቀሳቀስ አይደለም፤ ሳይንቀሳቀስ ነው።

መጀመሪያ ገበሬውን እንይ። የደምቢያ ዋልካ ቀን የሚመርጥ አፈር ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ማረሻው ላይ ይለጠፋል፤ የበሬውን እግር ይይዛል። ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ይሰነጠቃል። በእነዚህ መካከል የምትገኘው ደኅና ቀን አጭር ናት። ጎልማሳው ጉልበቱን አምኖ አንድ ሁለት ቀን ያሳልፍና ከአፈሩ ጋር ሲታገል ይውላል። ሽማግሌው ግን ጧት ጧት እየወጣ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጦ ይለቃል፤ በጣቱ መሃል ሲፈረፈር ያያል፤ ከዚያ ይጠምዳል። እርፉን ሲይዝ እጁ የተኛ ይመስላል። በሬው ገና ትከሻውን ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ ማረሻው ከመስመር ሳይወጣ፣ በመዳፉ ጠርዝ ትንሽ ይጫናል። ትልሙ ቀጥ ያለው ከተጣመመ በኋላ ስለተቃና ሳይሆን እንዲጣመም ስላልተፈቀደለት ነው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ነገር ቢሆንም፣ እኔ ግን ስለ እጅም ጭምር ይመስለኛል።

አሁን ቀና እንበል። ነፋሱ ከሰሜን ሲሆን አውሮፕላኑ ሐይቁን አቋርጦ በኮላ ድባ በስተምሥራቅ በኩል ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር፣ በየሞተሩ ስድስት ምላጭ ያለው ውልብልቢት የሚዞርበት አውሮፕላን ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ ሲገባ በየኪሎ ሜትሩ 50 ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ከወረደ ቶሎ መሬት ይቀርበዋል፤ ከዚያ ካነሰ መንደርደሪያውን አልፎ ይሄዳል። ከታች ለሚያይ ሰው በተዘረጋ ገመድ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል። ገመድ ግን የለም፤ ያለው የአብራሪው ዓይንና እጅ ነው።

ይህ ሰማይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ይርቃል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ የፍጥነት ጠቋሚው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው ወደ 220 ነው፤ መሬት ሲነካም በዚያው ፍጥነት ይነካል፣ ለመቆም ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል። ቦሌ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ የኢትዮጵያ አብራሪ ይህን ከመጀመሪያው ዓመቱ ጀምሮ ይኖርበታል።

ሌላም አለ። ፀሐይ ከፍ ስትል የታረሰው ጥቁር ዋልካ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል፤ ሙቀቱም አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሐይቁ በላይ እንደ ሐር የለሰለሰው በረራ የደምቢያን ሜዳ ሲረግጥ ይንገጫገጫል። አዲሱ አብራሪ ንቅናቄው ሲመታው መሪውን ይይዛል፤ አፍንጫው ሲነሳ ይገፋል፣ ሲወርድ ይስባል፤ ብዙ ጊዜም የገዛ እጁ የጨመረውን ንቅናቄ መልሶ ሲያርም ይደክማል። ልምድ ያለው ግን የሐይቁን ዳርቻ ከሩቅ አይቶ ጥቁሩ አፈር የት እንደሚጀምር ያውቃል። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣ መሪውን ላላ አድርጎ ይዞ ይጠብቀዋል። ንቅናቄው ሲመጣ አብዛኛውን እንዲያልፍ ይተወዋል፤ የማያልፈውን ብቻ በትንሹ ይመልሳል። ያ ገበሬ የጨበጠው አፈርና ይህ አብራሪ ከላይ የሚያነበው አፈር አንድ ነው።

የአንድ እጅ ጥራት የሚታወቀው ግን በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ነው፤ እሱን ለማየት አዘዞ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ኪው 400 ረጅም ቀጭን አካል ስላለው ሲያርፍ አፍንጫው በጣም ቀና ካለ ጭራው መሬት ይነካል። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ አፍንጫን አንስቶ አውሮፕላኑን በአየር ላይ ማንሳፈፍ አይቻልም። ውልብልቢቶቹም ቀላል አይደሉም፤ አብራሪው የሞተሩን ጉልበት በአንድ ጊዜ ከዘጋው ትልልቆቹ ምላጮች አየሩን እንደ ሰሌዳ ይገድቡታል፤ አውሮፕላኑም ዱብ ይላል። ጥሩ እጅ ጉልበቱን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ዓይኑን ከአፍንጫው ሥር ካለው አስፋልት አንስቶ ወደ መንደርደሪያው ሩቅ ጫፍ ይልካል፤ መሬት የቀረበችው ምን ያህል እንደሆነ በዳር ዓይኑ ይሰማታል። ጎማው ሲነካ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ አርፏል ወይስ አላረፈም ብሎ ለአፍታ ይጠራጠራል። ይህ ከሙያ ሁሉ ጸጥ ያለው ሙያ ነው፤ በደንብ ሲሠራ የሠራ ሰው እንዳለ አይታወቅም።

ይህ እጅ በስንት ዓመት ይገኛል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያዊው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአየር መንገዱ የመጀመሪያው አገር በቀል ካፒቴን ሆነው በግራ ወንበር የተቀመጡት ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በመካከሉ አሥራ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። አውሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ የግራ ወንበር ግን በዓመታት እንጂ በሌላ አይገኝም።

ለጎንደር ሰው የሚቀርብ ሌላ ምሳሌም አለ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነው ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ያደረጉት የመጀመሪያ በረራ በኪው 400 ሲሆን፣ መንገዱም ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ነበር። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ያህል በረዳት አብራሪነት በቀኝ ወንበር ተቀምጠዋል። ስምንት ዓመት በቀኝ ወንበር ማለት ስምንት ዓመት የሌላ ሰውን እጅ ማየት ማለት ነው። አንዱ ካፒቴን ደመና ሲያይ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚዞር፣ ሌላው ነዳጅ ሲያሰላ ለየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚተርፈው፣ ሦስተኛው ሲናደድ ድምፁን እንዴት እንደሚያወርድ ታያለህ። የተማርከው መጽሐፍ ሁሉ በእነዚያ ሰዎች እጅ ላይ ሥጋ ለብሶ ይታይሃል። በዚያች የጥቅምት ቀን ጎንደር ላይ የነካው ጎማ የስምንት ዓመት ዝምታ የነካው ነው።

ዕድሜ ግን የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን የሚወስድም ነው፤ የሚወስደውን ሳይሸሽጉ መቁጠር የሙያው አንድ ክፍል ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ይጠነክራል፤ የቅርብ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ለጸሐፊ መነጽር ይበቃዋል። የአብራሪ ዓይን ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአድማስ ወደ ፊት ለፊቱ ሰሌዳ፣ ከዚያ በጭኑ ላይ ወዳለው ካርታ፣ ከዚያም ከራሱ በላይ ወዳለው የማብሪያ ማጥፊያ ጣሪያ ይዘዋወራል። የተለመደው ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የቅርቡን የሚያሳየው በታችኛው ክፍል ነው። ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ያለውን ለማንበብ የሚፈልግ ሰው አንገቱን እንደ ሽመላ ወደ ኋላ መስበር ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ሲባል ከላይም ከታችም የቅርብ ማያ የተገጠመላቸው መነጽሮች ይሠራሉ። እንዲህ ያለ መነጽር ያደረገ አብራሪ ሳይ ዕድሜውን የሚክድ ሰው አይታየኝም። ዕድሜውን አውቆ መሣሪያውን በልኩ ያስገጠመ ባለሙያ ነው የማየው።

የማስታወስ ነገርም እንዲሁ ነው። ተቆጣጣሪው በአንድ ትንፋሽ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነትና የሬዲዮ ቁጥር ይነግራል። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት አራቱንም ጭንቅላቱ ላይ ይዞ መልሶ ይናገራል። የሃምሳ አምስት ዓመቱ ሰው ሁለቱን ይዞ ሁለቱ ሊያመልጡት ይችላሉ። ስለዚህ ይጽፋል፤ እርሳሱ ከእጁ አይርቅም። ከእጁ ፍጥነትም ጥቂት ይቀነሳል፤ መብራት ሲበራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ለመድረስ ከድሮው ትንሽ ይዘገያል።

በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በጥንቃቄ ለክተውታል። ከ40 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 118 አብራሪዎችን በምስለ በረራ ላይ እያስቀመጡ ለሦስት ዓመታት በየዓመቱ ፈተኑ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። በመጀመሪያው ፈተና በዕድሜ የገፉት ከታናናሾቹ ዝቅ ያለ ውጤት አገኙ፤ ይህ ማንም የሚጠብቀው ነው። ከፍ ያለ የበረራ ማዕረግ የነበራቸው የተሻለ በረሩ፤ ይህም አይደንቅም። የሚያስቆመው ሦስተኛው ግኝት ነው። በሦስቱ ዓመታት ውስጥ የታላላቆቹ ውጤት ከታናናሾቹ ውጤት ያነሰ ቀነሰ፤ በተለይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ላለመጋጨት በሚደረገው ጥንቃቄ ላይ ጸንተው ተገኙ። የአእምሮ ፍጥነት ወንዝ ነው፤ ይጎድላል። በዓመታት የተጠራቀመ ዕውቀት ደግሞ ጉድጓድ ነው፤ ወንዙ ሲጎድል ከእሱ ይቀዳል።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ይህ ነው። ወጣቱ ችግሩ ሲመጣ ፈጥኖ ይመልሳል። አንጋፋው ደግሞ ችግሩ ሳይመጣ ቀድሞ ስለሚወስን ለመመለስ መፍጠን ብዙ አያስፈልገውም። ዕድሜ ከሰው ላይ ሴኮንዶችን ይወስዳል፤ ልምድ ደግሞ ደቂቃዎችን ይገዛለታል።

ይህን ደቂቃ የመግዛት ጥበብ እስከ መጨረሻው ጥጉ ያሳየ ኢትዮጵያዊ አለ። ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961፣ ቦይንግ 767፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። አዛዡ ካፒቴን ልዑል አባተ የ42 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከ11500 ሰዓት በላይ በረዋል። ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ 34 ዓመታቸው ሲሆን ከ6500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ካፒቴን ልዑል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠለፋ ደርሶባቸው በሰላም ተመልሰዋል። በዚያ ቀን ሦስት ሰዎች ወደ ኮክፒቱ ጥሰው ገቡ፤ ረዳት አብራሪውን ደብድበው አስወጡ፤ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ።

እዚህ ላይ ሥራውን እንደ ሸማ ጥበብ በክር በክሩ ማየት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ክር ነዳጁ ነው። የተሞላው ለናይሮቢ መንገድ የሚሆን ነበር፤ አውስትራሊያ የማይታሰብ ነው። ጠላፊዎቹ ግን በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አውሮፕላኑ 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል አንብበው ስለነበር ካፒቴኑን አላመኗቸውም። ክርክሩ እንደማይረታ የገባው ሰው ምን ያደርጋል? ካፒቴን ልዑል መከራከሩን ሳይተዉ አቅጣጫውን ሠሩበት። ወደ ባሕር ከመግባት ይልቅ የአፍሪካን ዳርቻ ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ፤ ከጎናቸው ሁልጊዜ መሬት እንዲኖር። ጠላፊዎቹ መሬቱን አይተው ሲቆጡ ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ የዞሩት ግን ወደ ባዶ ውቅያኖስ ሳይሆን በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ወዳሉት የኮሞሮስ ደሴቶች ነበር። ጠላፊዎቹ አጠገባቸው ሆነው፣ ሳይናገሩ፣ ሳያስታውቁ፣ በዲግሪ ልዩነት አውሮፕላኑን ወደ ሰው መኖሪያ አስጠጉት። ይህ የገበሬው መዳፍ ነው፤ ጫናው እጅግ ትንሽ፣ ግን በጊዜው።

ሁለተኛው ክር መጠበቅ ነው። ደሴቶቹ ጋ ደርሰው በዙሪያቸው ዞሩ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ወጣት ነርቭ ይህን አይችለውም፤ አንድ ነገር አድርግ አድርግ ይላል። እሳቸው ግን ሞተሩ የሚጠፋበት ሰዓት ሲመጣ ከሥራቸው መሬት እንዲኖር ፈልገው ያችን ሰዓት ጠበቋት። አንዱ ሞተር ጠፋ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ነዳጅ ከፍታው ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ መቶ ሜትር እንደ አንድ ጣሳ ውኃ በበረሃ ተቆጥሮ የሚወጣ።

ሦስተኛው ክር እጁ ነው። ሞተር ሲጠፋ የ767 መሪ የሚንቀሳቀሰው ከሆዱ ሥር ወደ አየሩ በሚወርድ ትንሽ ውልብልቢት ነው፤ ነፋሱ ያዞረዋል፤ እሱም ለመሪው የሚሆን ጥቂት ጉልበት ይሰጣል። በክንፉ ጠርዝ ላይ ለሚዘረጋው ፍላፕ ግን አይበቃም። ያለ ፍላፕ በዝግታ መብረር አይቻልም፤ አውሮፕላኑ ውኃውን የሚነካው በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከተለመደው የማረፊያ ፍጥነት በብዙ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ካፒቴኑ ወደ ደሴቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወስዱት አስበው ነበር፤ ኮክፒት ውስጥ የተነሳው ግብግብ ግን መንገዳቸውን አሳታቸው። ስለዚህ ሆቴልና ሰው ካለበት የባሕር ዳርቻ 500 ሜትር ያህል ራቅ ያለውን፣ ጥልቀት የሌለውን ውኃ መረጡ። አውሮፕላኑንም ወደ ማዕበሉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከማዕበሉ ጎን ለጎን ሊያሳርፉት ሞከሩ፤ ማዕበሉን የሚቆርጥ ሳይሆን በማዕበሉ መካከል የሚተኛ እንዲሆን።

አንድ ጎብኚ ከባሕሩ ዳር ሆኖ የቀረጸው ፊልም ዓለምን ዞሯል። እኔም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ሥራ ለማየት እየሞከርኩ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ፣ ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ሆኖ ይመጣል። ሞተር የሌለው፣ ፍላፕ የሌለው፣ መሪው ላይ ግብግብ የነበረበት መሆኑን የማያውቅ ሰው ሆነ ብሎ በእርጋታ የሚያርፍ ይመስለዋል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ግራ ክንፉ ትንሽ ያዘነብላል፤ የግራ ክንፍ ጫፍና የግራው ሞተር ውኃውን ቀድመው ይነካሉ፤ ውኃው ይይዛቸዋል፤ አውሮፕላኑ ዞሮ ይሰበራል። ከዚያች ዝንባሌ በፊት ያለው ሁሉ ግን የእጅ ሥራ ነው።

ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ጠላፊዎች ከእነሱ ውስጥ ናቸው። በሰባ ሰባት ረሀባችንን ለዓለም የቀረጸው ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚንም እዚያ ሞተ። ብዙዎች የሕይወት ማዳኛ ጃኬታቸውን ከመውጣታቸው በፊት በውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለነበር ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ አስቀርቷቸዋል። ይህ ሐዘን ነው፤ ሙያን ማድነቅ ሐዘኑን አያሳንሰውም። ሆኖም 50 ሰዎች ወጡ፤ ከባሕሩ ዳር የነበሩ ዋናተኞችና እረፍት ላይ የነበሩ ሐኪሞች ደረሱላቸው። ያ ባሕር ዳር በአጋጣሚ አልተገኘም። ከሰዓታት በፊት፣ የአፍሪካ ዳርቻ ገና በቀኝ በኩል ሲታይ፣ በካፒቴኑ ጭንቅላት ውስጥ ተጀምሮ ነበር። ሁለቱ አብራሪዎች ለሙያቸው ዓለም አቀፍ የበረራ ደኅንነት ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ካፒቴን ልዑል የ22 ዓመት ወጣት ቢሆኑ ኖሮ እጃቸው ምናልባት ይፈጥን ነበር። በዚያ ቀን ግን ፈጣን እጅ ብቻውን አይበቃም ነበር። ሁለት ጊዜ ተጠልፎ የተረፈ ሰው የተማረው የጠላፊን ዓይን ማንበብ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ውሸትን በካርታ ላይ በትንሹ መሥራት ነው። ያለ ዓመታት የማይገኝ ዕውቀት ይህ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ ከተማ የ57 ዓመቱ ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር የሁለቱም ሞተሮች ጉልበት በወፍ መንጋ ምክንያት ሲጠፋባቸው ኤርባሳቸውን ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፉ። ከወፎቹ እስከ ውኃው 208 ሴኮንድ ብቻ ነበራቸው። በዚህ መካከል ያደረጉት አንድ ትንሽ ነገር ለእኔ ከማረፉ በላይ ያምራል። በጭራው ውስጥ ያለውን ረዳት ሞተር፣ በመመሪያው ዝርዝር ተራው ሳይደርስ፣ ገና ከጅምሩ አስነሱት። በዚህም ኤሌክትሪክ አልተቋረጠም፤ መሪውን የሚያግዙት ኮምፒውተሮች ነቅተው ቆዩ። 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ዝርዝሩን በተራው ማንበብ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ ከዝርዝሩ የትኛው መስመር መቅደም እንዳለበት ማወቅ ደግሞ ከ19000 በላይ የበረራ ሰዓት የኖረ ሰው ሥራ ነው። ይኸውም ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

ወፍ ለእኛም እንግዳ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 ገና ሲነሳ የርግብ መንጋ ገጠመው። ሁለቱም ሞተሮች ከጥቅም ውጪ ሆኑ፤ አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወርድ በሆዱ አረፈ፤ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ከጣና ዳር የሚኖር ሰው የወፍ መንጋ በወረዳው ላይ ሲነሳ ሲያይ ይህን ቀን ያስታውሳል። አንድ ዓይነት አደጋ፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ፍጻሜ። ልምድ ብዙ ነው፣ ሁሉ ግን አይደለም።

ይህን የሚያስረግጥ ቁስል አለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ከቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመታቸው ሲሆን ከ8000 ሰዓት በላይ በረዋል፤ በዕድሜ ወጣት፣ በሰዓት ግን የበሰሉ ነበሩ። የአውሮፕላኑ ሥርዓት ከአንድ መለኪያ የመጣለትን የተሳሳተ መረጃ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። ሙያ ከማሽኑ ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ማሽኑ ስምምነቱን ሲያፈርስ የሰውን ልጅ እጅ ብቻ መጠየቅ ፍርድ ማጉደል ነው። የአንጋፋነት ጥበብ የሚገኘው ጊዜ ካለ ብቻ ነው። ለያሬድና ለረዳታቸው ያ ጊዜ አልተሰጣቸውም።

ልምድ ሁሉን እንደማይችል ስለሚያውቅ ዓለም ለሙያው የዕድሜ ገደብም አበጅቶለታል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ የአብራሪን ዕድሜ እስከ 65 ዓመት ፈቅዷል፤ ከዚያ በፊት 60 ነበር። ካፒቴኑ ስልሳን ሲያልፍ በየስድስት ወሩ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ስንት አሥር ሺህ ሰዓት ቢኖረውም እንደ ተማሪ በምስለ በረራ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሞተር ይጠፋበታል፣ ጢስ ይሞላበታል፣ ነፋስ ይገለብጥበታል፤ አንድ ታናሹ የሆነ ፈታኝ ከኋላው ተቀምጦ ይጽፋል። ሽበቱን ይዞ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ትሕትናው ራሱ ከሙያው ይቆጠራል። ስልሳ አምስት ሲሞላም ይነሳል። እርፉን በሰዓቱ መልቀቅ ትልሙ ከተጣመመ በኋላ ከመልቀቅ ይሻላልና፣ ያም በቅርቡ ነው።

ባለፈው መስከረም አንድ ጧት ኮላ ድባ ዳር የሽምብራ ማሳ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከልጁ ጋር ያርሳል። ሽማግሌው አንድ ትልም ወስዶ መለሰ፤ ሲመለስ በሬዎቹን አቆመና እርፉን ለልጁ ሰጠ። ልጁ እርፉን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ፤ ሲያዩት የሚሰበር ያህል ይጨብጠዋል። አባትየው ጅራፉን በትከሻው አድርጎ ከበሬው ጎን ሄደ፤ ምንም አላለም። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄዱ የግራው በሬ ትከሻውን አዘነበለ። አባትየው እጁን ወደ እርፉ ሰነዘረ፤ ግን አልነካውም፤ ልጁ ራሱ ተጭኖ መለሰው።

በዚያ ሰዓት ከጣና በኩል አውሮፕላኑ መጣ። በውስጡ ሁለት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። መሪው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር ዝም ተብሎ አይሻገርም፤ አንዱ ሰጠሁህ ይላል፣ ሌላው ተቀብያለሁ ይላል። መሪው ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ያለ ባለቤት እንዳይቀር ነው። በዚያ ጧት የመጨረሻውን መስመር የያዘው የትኛው እጅ እንደሆነ ከታች ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ከሐይቁ ወጥቶ ጥቁሩን አፈር ሲረግጥ ትንሽ ተንገጫገጨ፤ ክንፉ ግን ሳያዘነብል በመስመሩ ወረደ። ሽማግሌው ቀና ብሎ እስኪሰወር ድረስ አየው። ከዚያ ወደ ልጁ ተመልሶ፣ ሁለተኛውን ትልም ጀምር አለው።